የስደተኛ ቤት ገበና
(ስለ ዩጂን ኦኒል ተውኔት የቀረበ ሂስ)



በዚህ እትም የምናቀርብላችሁ የአሜሪካዊውን ጸሐፌ ተውኔት የዩጂን ኦኒልን «የረጅም ቀን ጉዞ ወደ ሌሊት» የተሰኘ ተውኔት የሚመለከት ሂስ ነው። ተውኔቱን በንባብ ክበባችን ውስጥ እንግሊዝኛ የሚችሉት እያነበቡ፣ ለቀረነው በቃል እየተረጎሙልን፣ በአራት ምሽት ጨርሰነዋል። ገቢሩ አራት በመሆኑ ለየምሽቱ አንድ አንድ ገቢር ደረሰው። በአምስተኛው ምሽት ክርክር ተነሣ። ክርክሩ የድራማ ቡድናችን ከአራተኛው ገቢር አንዱን ክፍል ለሰው ያሳይ ወይስ አያሳይ በሚለው ላይ ነበር። አንድ አዛውንት አባታችን «የቤት ገበና በአደባባይ አይሰጣም። ልጅ አባቱን ሲያዋርድ፣ እናት በመድኃኒት ስትደነዝዝ እያሳየን ልጆቻችንን ምን እናስተምራለን?» አሉ። አንዲት እኅታችን ደግሞ «ይህ የሀብታም ቤት ጭቅጭቅ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» አለች። ሁለቱም አስተያየቶች በዋዛ የሚታለፉ ስላልሆኑ መልሳችንን በጽሑፍ ማድረጉን መርጠናል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እናሳስባለን።

በመጀመሪያ ታሪኩን ላላነበበው እናውጋ። መቼቱ በ1912 ዓ.ም. ኦገስት ወር፣ ኒው ለንደን በምትባል በኮነቲከት ግዛት የምትገኝ የባሕር ዳር ከተማ፣ በአንድ የሙቀት ወራት ማረፊያ ቤት ውስጥ ነው። ታሪኩ ከቁርስ በኋላ ይጀምርና በዚያው ዕለት እኩለ ሌሊት ገደማ ያልቃል። ቤተሰቡ አራት ነው። አባት ጄምስ ታይሮን የ65 ዓመት ዝነኛ ተዋናይ ነው። እናት ሜሪ 54 ዓመቷ ነው። ታላቁ ልጅ ጄሚ 33 ዓመት ሞልቶታል፤ በአባቱ ጥላ ሥር የሚተውን፣ መጠጥ የጣለው ሰው ነው። ታናሹ ኤድመንድ የ23 ዓመት ወጣት ሲሆን፣ መርከበኛ ሆኖ ባሕር ያቋረጠ፣ ግጥም የሚሞክር፣ ሳል የያዘው ልጅ ነው። በዚያ ቀን ሁለት ነገር ይገለጣል። የኤድመንድ ሳል የሳንባ ነቀርሳ መሆኑ ይታወቃል። እናቲቱም ታክማ ድና ከተመለሰች በኋላ ወደ ሞርፊን ሱሷ መግባቷን ሦስቱ ወንዶች ዐይናቸው እያየ ይረዱታል። ከዚህ የተረፈው ሁሉ ንግግር ነው። ንግግሩም ከዛሬ ተነሥቶ ወዳለፈው ይመለሳል፤ ማንም ቢጀምረው፣ ከየትም ቢጀመር፣ መድረሻው ያለፈው ነው።

ይህ ያለፈ ነገር ከወዴት እንደሚጀምር ለመረዳት ወደ አየርላንድ መሻገር ያስፈልጋል። በ1845 ዓ.ም. አንድ በሽታ የአገሪቱን የድንች አዝመራ መታ። ድሃው ገበሬ ከድንች ሌላ ይህ ነው የሚባል ምግብ አልነበረውም። እስከ 1852 በነበሩት ዓመታት አንድ ሚሊዮን ያህል ሕዝብ በረኀብና በወረርሽኝ አለቀ፤ ከዚያ የማያንስም አገሩን ጥሎ ወጣ። እህልና ከብት ግን ከአየርላንድ ወደ እንግሊዝ መጫኑ አልቆመም ነበር። ኪራይ መክፈል ያቃተው ጭሰኛም ከነልጆቹ ከጎጆው ይባረር ነበር። የደራሲው አባት ጄምስ ኦኒል በዚያ ዘመን ኪልኬኒ በምትባል የአየርላንድ ምድር ተወልዶ፣ በልጅነቱ ከወላጆቹ ጋር ወደ አሜሪካ የተሻገረ ሰው ነው። የተውኔቱ ታይሮን የእሱ ምስል ነው።

እንግዲህ ወደ እኅታችን ጥያቄ እንምጣ። እውነት ነው፣ ታይሮን ደኽይቶ አይታይም። ቤት አለው፤ አገልጋይ አለው፤ ብዙ መሬት አለው። ነገር ግን አሥር ዓመት ሲሞላው አባቱ ቤተሰቡን ጥሎ ወደ አየርላንድ ተመልሶ እዚያው ሞተ። እናቱ ከአራት ትንንሽ ልጆች ጋር በሰው አገር ቀረች። ኪራይ እየጎደለ ሁለት ጊዜ ከቤት ተባረሩ። ልጁ በቀን 12 ሰዓት በአንድ የብረታ ብረት ሥራ ቤት እየለፋ በሳምንት 50 ሳንቲም ያገኝ ነበር። እናቱ የሰው ቤት ወለል ስታጥብ ኖራ፣ መጨረሻዬ የድሆች መጠለያ ይሆናል የሚል ፍርሃት ሳይለቃት ሞተች። ልጇ ከእናቱ የወረሰው ንብረት ይህ ፍርሃት ነው።

ታይሮን በኋላ ገንዘብ ሲያገኝ ፍርሃቱ አልለቀቀውም። ባገኘ ቁጥር መሬት ይገዛል። ለሚስቱና ለልጆቹ ሲሆን ግን ርካሹን ይፈልጋል። ሜሪ ኤድመንድን ወልዳ ስትታመም በሆቴል የተገኘ ርካሽ ሐኪም ሞርፊን ሰጣት፤ ሱሱ ከዚያ ተጀመረ። ሜሪ ከአዳራሽ አዳራሽ፣ ከሆቴል ሆቴል ባሏን ስትከተል ኖራ፣ ይህንንም የባሕር ዳር ቤት አንድ ቀን «ቤቴ» ብላው አታውቅም፤ በቁጥብ ገንዘብ የተሠራ ነውና። አሁን ደግሞ ልጁ በሳንባ ነቀርሳ ሲያዝ አባትየው የሚያስበው መንግሥት ለድሆች ወዳዘጋጀው ርካሽ ማገገሚያ ሊልከው ነው። ልጁ ሲያሳፍረው «የፈለግኸው ቦታ ትሄዳለህ» ይልና፣ ወዲያው ልክ ያበጅለታል። እኅታችን ሆይ፣ ይህ የሀብታም ጠባይ አይደለም። በልጅነቱ የተራበ ሰው ከጠገበ በኋላም ሲራብ ማለት ይህ ነው። የድህነት ፍርሃት ድህነትን ራሱን በጓሮ በር መልሶ አስገባው።

ደራሲው ይህን ነገር የሚያሳየው በልቅሶ ብቻ እንዳልሆነ መጥቀስ ይገባል። በመጀመሪያው ገቢር ኤድመንድ አንድ ተረብ ያወራል። ሾኔሲ የተባለ አየርላንዳዊ የታይሮን መሬት ተከራይቶ አሳማ ያረባል። ከጎኑ ያለው ሰው በነዳጅ ዘይት የከበረ ባለ ሚሊዮን ነው። የሾኔሲ አሳማዎች በባለ ሚሊዮኑ የበረዶ ኩሬ ውስጥ ሲንቦጫረቁ ተገኙ። ባለ ሚሊዮኑ ሊቆጣ ሲመጣ ሾኔሲ ቀደመው፤ አጥሩን ያፈረስኸው አሳማዎቼን ብርድ ልታስመታብኝ ነው ብሎ ራሱን ከሳሽ አደረገ። ታይሮን ጭሰኛው ችግር ያመጣብኛል ብሎ ይቆጣል፤ ግን ሣቁን መደበቅ ያቅተዋል። ቤተሰቡ ያለ ቂም የሚሥቀው በዚህ ጊዜ ነው ማለት ይቻላል። ነገሩን ልብ እንበል፦ ከኪራይ ቤት የተባረረችው ሴት ልጅ ዛሬ ባለመሬት ሆኖ ከአገሩ ሰው ኪራይ ይሰበስባል። ልቡ ግን ከጭሰኛው ጋር ነው። እጁ ወዲህ ልቡ ወዲያ የሆነ ሰው ነው። ስለ አየርላንድ ስደተኛ ብዙ ገጽ ቢጻፍ ይህን ያህል የሚናገር አይመስለንም።

አሁን የድራማ ቡድናችን ሊያሳይ ያሰበውን ክፍል እንመልከት። ሌሊት ነው። አባትየው ብቻውን ካርታ እየደረደረ ይጠጣል። ኤድመንድ ሲገባ የመተላለፊያውን መብራት ሳያጠፋ ይመጣል። አጥፋ፣ አላጠፋም ይጣላሉ። አባትየው ይናደድና ተነሥቶ በጣራው ላይ ያሉትን ሦስት አምፑሎች በሙሉ ያበራል፤ ይንደድ፣ እንዲያውም መጨረሻችን የድሆች መጠለያ ነው ዓይነት ነው ነገሩ። ከዚያ ክርክሩ ከሮ ልጁ የማገገሚያውን ነገር ፊቱ ላይ ሲወረውርበት፣ አባትየው ከዚያ በፊት እንዲህ አድርጎ ተናግሮት የማያውቀውን ይናገራል። የሳምንቱን 50 ሳንቲም፣ የእናቱን ድካም፣ ሁለቱን የመባረር ቀናት ይነግረዋል። ቀጥሎም የከፋውን ይነግረዋል። በወጣትነቱ፣ በ1874 ዓ.ም.፣ ኤድዊን ቡዝ ከተባለው ታላቅ ተዋናይ ጋር እየተፈራረቀ ኦቴሎን ተጫውቶ ነበር። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሰውን ኦቴሎ የሚያውቅ ሁሉ ይህ ሚና የሰው መፈተኛ መሆኑን ይረዳል። ቡዝ ይህ ልጅ ከእኔ ይበልጣል ብሎ መሠከረለት። ታይሮን ቃሉን በወረቀት አጽፎ በኪስ ቦርሳው ብዙ ዘመን ያዘው። ከዚያ በኋላ ግን ገንዘብ የሚያመጣ አንድ ተውኔት ገዝቶ፣ እሱኑ ብቻ ዓመት ከዓመት እየደጋገመ ሲጫወት፣ ለሌላ ሚና የማይሆን ሰው ሆነ። እውነተኛው ጄምስ ኦኒልም ከ1883 ጀምሮ «የሞንቴ ክሪስቶው ኮንት»ን በሺዎች ለሚቆጠሩ ጊዜያት ተጫውቷል። የቡዝ ቃል የተጻፈባት ወረቀት ዛሬ የት እንዳለች ታይሮን አያውቅም። ልጁ፣ ምናልባት ከጣራ ሥር ባለ ሣጥን ውስጥ፣ ከእናቴ የሙሽርነት ልብስ ጋር ትሆናለች ይለዋል።

የትዕይንቱ ጫፍ ይህ ነው። ኑዛዜውን ሲጨርስ አባትየው ብርሃኑ ዐይኔን ወጋኝ ይልና አምፑሎቹን ለማጥፋት ይነሣል። አንዱን ያጠፋል። ጥሩ ተዋናይ ሆኜ ቢሆን አንድ ጋሻ መሬት ባይኖረኝ፣ አንድ ሳንቲም ባይኖረኝ ግድ አልነበረኝም ብሎ ይምላል፤ በዚህ መሐላ መካከል ሁለተኛውን ያጠፋል። በድሆች መጠለያ እንኳ ብሞት እያለ ሦስተኛውን ያጠፋል። ምላሱ የሚረግመውን እጁ ይሠራዋል። ልጁ ሣቁን መቆጣጠር ያቅተዋል፤ ግን አባቱን ከወትሮው ይበልጥ እንዳወቀው ቀደም ብሎ ነግሮታል። በእኛ አስተያየት ይህ ተውኔት ስለ ስደተኛ ቤት ከሚለው ሁሉ ይህ ይበልጣል። ያለፈውን መናገር ሰውን አይለውጠውም። አባትየው ከተናገረም በኋላ መብራት ያጠፋል፤ የሚያየው ልጅ ግን አሁን መብራቱ ለምን እንደሚጠፋ ያውቃል። ቆንቋና ይለው የነበረውን አባት አሁን የሳምንት 50 ሳንቲም ልጅ አድርጎ ያየዋል።

«እንግዲያውስ እናቲቱ ቀኑን ሙሉ ስላለፈው ስታወራ ምነው አልበጀ?» የሚል ጥያቄ በክበባችን ተነሥቶ ነበር። ጥሩ ጥያቄ ነው። ሜሪ የምታወራው ያለፈ ነገር የገዳም ትምህርት ቤቷ፣ ፒያኖዋ፣ መነኩሲት የመሆን ሐሳቧና የሙሽርነት ልብሷ ነው። ይህን የምታወራው ለማን ነው? ወሬዋን እንድትሰማላት ዊስኪ ለምታጠጣት ለቤት ሠራተኛዋ ለካትሊን ነው። ካትሊን አትረዳትም፤ ሜሪም እንድትረዳት አትፈልግም። ሲመሽ ጭጋግ ይወርዳል። ሜሪ ጭጋጉን ትወደዋለች፣ ይሸፍናታልና። መርከቦችን የሚያስጠነቅቀውን ጥሩምባ ግን ትጠላዋለች፣ ይጠራታልና። ለባሏና ለልጆቿ ስታወራ ደግሞ ያለፈው የዕዳ መዝገብ ይሆናል፤ አንተ ርካሽ ሐኪም ጠራህ፣ አንተ ኩፍኝ ይዘህ ሕፃኑ ክፍል ገባህ፣ አንተ ባትወለድ ኖሮ አልታመምም ነበር ወደ ማለት ይሄዳል። ታይሮን በዚያች ሌሊት የተናገረው የራሱን ዕዳ ነው። ጄሚም በኋላ ሰክሮ ለታናሽ ወንድሙ መውደቁን እመኝ ነበር ብሎ ሲናዘዝና ከእኔ ተጠንቀቅ ሲለው የራሱን ዕዳ ነው የሚናገረው። ባለፈ ክረምት ቤት አይሠራም ይባላል። ሜሪ ባለፈው ክረምት ቤት ልትሠራ ስትሞክር፣ በመጨረሻ የሙሽርነት ልብሷን ይዛ ከሰዎቿ ፊት ትቆማለች፤ ከእነሱ ጋር ግን የለችም።

ድርሰቱን አመስግነን ብቻ ብናልፍ ሂስ አይሆንምና ጉድለቱንም እንናገር። በዚህ ቤት ሁለት አገልጋዮች አሉ። ካትሊን በመድረክ ትታያለች። ወጥ ቤቷ ብሪጅት ግን ከጓዳ አትወጣም፤ ድምፅዋን እንኳ አንሰማም። ሁለቱም አየርላንዳውያን ናቸው። ከታይሮን ቤተሰብ ይልቅ ለስደቱ የቀረቡት እነሱ ናቸው። ታይሮን እናቱ የሰው ወለል ስታጥብ እንደኖረች እያለቀሰ ሲናገር፣ በዚያችው ሌሊት የእሱን ወለል የምታጥበው ልጅ ፎቅ ላይ ተኝታለች። ደራሲው ይህን አጠገብ ለአጠገብ አኑሮት ሳያየው አልፏል ብለን እንፈርዳለን። ካትሊን መሣቂያ ሆና ትቀራለች፤ ብሪጅት ስለ ዘመዶቿ ማውራት ስታበዛ እመቤቲቱ ትሰለቻለች። የእነዚያ ዘመዶች ታሪክ ግን ምን ነበር? እኛ በክበባችን ውስጥ በሰው ቤት ያገለገሉ ብዙ እኅቶች አሉንና ይህን ጉድለት በቀላሉ አናልፈውም።

ሁለተኛው ጉድለት ከዚህ ይከብዳል። ኦኒል የገዛ ቤተሰቡን ታሪክ ነው የጻፈው። በእውነት የሆነው ይህ ነው፦ ወላጆቹ በኩፍኝ ያጡት ሕፃን ስሙ ኤድመንድ ነበር፤ የሞተውም በ1885 ዓ.ም. ነው። በ1888 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ሆቴል ውስጥ የተወለደው ታናሹ ልጅ ዩጂን ነው። በተውኔቱ ግን ስሞቹ ተለዋውጠዋል፤ የሞተው ሕፃን ዩጂን፣ በሕይወት ያለው ኤድመንድ ተብሏል። ደራሲው የራሱን ስም ለሙት ሰጠ። ይህ የሚያስደንቅ ነው። ከዚህ ሌላ ግን የዘለለው ነገር አለ። ተውኔቱ በሚጫወትበት በ1912 ዓ.ም. እውነተኛው ዩጂን ኦኒል በ1909 ያገባት ሚስትና በ1910 የተወለደ ወንድ ልጅ ነበሩት። ሁለቱንም ትቷቸው ነበር። ልጁ ከአባቱ ጋር የተዋወቀው ዕድሜው አሥር ዓመት ካለፈ በኋላ ነው። በተውኔቱ ውስጥ ኤድመንድ ሚስትም ልጅም የለውም። አያትየው ልጆቹን ጥሎ ወደ አየርላንድ መሄዱ ተጽፏል፤ የልጅ ልጁ ያንኑ መድገሙ አልተጻፈም። ያ ልጅ በ1950 ዓ.ም. የራሱን ሕይወት አጠፋ። ይህን የምንጽፈው በሟች ላይ ለመፍረድ አይደለም። የአባት ዕዳ ለልጅ የሚባለው በመድረክ ላይ በተነገረው ሳይሆን ከመድረክ በቀረው በኩል እንዳለፈ ለማሳየት ነው።

በመጨረሻ ወደ አዛውንቱ አባታችን ቃል እንመለስ። አባባ፣ ኦኒልም እንደ እርስዎ አስቦ ነበር። ተውኔቱን ከ1939 እስከ 1941 ጻፈው። አባቱ በ1920፣ እናቱ በ1922፣ ወንድሙ በ1923 ሞተው ነበር። ሟቾች ከሆኑ በኋላም አፈረላቸው። እኔ ከሞትኩ 25 ዓመት ሳይሞላ እንዳይታተም፣ በመድረክም ከቶ እንዳይታይ ብሎ አሽጎ አስቀመጠው። በ1953 ዓ.ም. በቦስተን ከተማ በሆቴል ውስጥ ሞተ፤ በሆቴል ተወልዶ በሆቴል መሞቱ ነው። ባለቤቱ ግን 25 ዓመት አልጠበቀችም። በ1956 ዓ.ም. ስቶክሆልም ላይ በመድረክ ታየ፣ በዚያው ዓመትም ታተመ። በ1957ም የፑሊትዘር ሽልማት ተሰጠው። ቃሉን ማፍረሷ ልክ ነው አይደለም የሚለውን ለአንባቢ እንተዋለን። እኛ የምንለው አንድ ነገር ነው፦ ገበና የሚሸፈነው ሰውን ከውርደት ለማዳን ከሆነ መልካም ነው። ልጅ አባቱን እንዳያውቅ ከሆነ ግን የተሸፈነው ገበና ቤቱን ከውስጥ ይበላዋል። ታይሮን ይህን ታሪክ ልጁ አሥር ዓመት ሲሞላው ቢነግረው ኖሮ፣ ልጁ አባቱን ቆንቋና እያለ 23 ዓመት ባልሞላው ነበር።

በዚህ ሰፈር የተወለዱ ልጆች ለምን እናቴ የዳቦ ፍርፋሪ እንኳ ጠቅልላ ታስቀምጣለች፣ ለምን አባቴ ሌሊት በሩን ሦስት ጊዜ ተነሥቶ ያያል ብለው ይጠይቃሉ። አንዳንዶቻችን ልጆች ናችሁ አይገባችሁም እንላቸዋለን። እነሱ ግን የማይገባቸውን ነገር ጠባይ ያደርጉታል፤ ፍርፋሪውን እነሱም መጠቅለል ጀምረዋል።

ስለዚህ ክፍሉ ይታይ የሚል ነው የክበባችን የብዙኃኑ አሳብ። የእናቲቱን የመጨረሻ ትዕይንት ትተን የአባትና የልጁን ብቻ እናሳያለን፤ ይህም ለአባባ ቃል ካለን አክብሮት ነው። ኤሌክትሪክ ስለሌለን በሦስቱ አምፑሎች ፈንታ ሦስት ፋኖስ እንሰቅላለን። ፋኖስ የምታውሱን ለክበቡ ጸሐፊ አስታውቁ። የታይሮንን ሚና የሚጫወት ሰው ገና አላገኘንም፤ ወጣቶቹ ጢም ለጥፈው ቢሞክሩም አልሆነላቸውም። አባባ ራሳቸው ልምምዱን መጥተው እንዲያዩልን ጠይቀናቸዋል። እስካሁን እሺም እምቢም አላሉም።

ይህን ሂስ የማትቀበሉ አንባቢያን መልሳችሁን ጽፋችሁ ላኩልን፤ በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን። ቅጂው አንድ ስለሆነ አንብባችሁ ስትጨርሱ ሳታጥፉ ለጎረቤት አስተላልፉ።

ቸር ይግጠመን።